ፖስተሩን ወጣቱ ያየዋል፣ የምትፈቅደው እናት ናት

ድሬዳዋ ላይ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚዲያ አገልጋዮች የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ፣ ቬንቲሌተሩ ሥር ቦታ ያላገኛችሁም ጭምር ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። የዛሬው ርእሳችን ለወጣቶች ሪትሪት፣ ማለትም ከቤት ወጥቶ አድሮ ለሚደረገው መንፈሳዊ ጉባኤ፣ የሚሠራ ግራፊክስና የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ነው። ካንቫ፣ ፒክስልላብ፣ ፎቶሾፕ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ፤ ካፕካት የማያውቅማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም። ስለዚህ የቱን ቁልፍ እንደምትጫኑ አንነግራችሁም። ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ነው የምንነጋገረው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ፖስተሩን የሚያነበው ማን ነው? ወጣቱ ትላላችሁ። ቴሌግራም ላይ የሚያየው እሱ ስለሆነ ልክ ናችሁ። ግን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ ተነሥታ ሐረማያ ሦስት ቀን ልታድር ስትል፣ ፈቃዱ የሚመጣው ከእናቷ ነው። ልጅቷ ስልኳን ታቀብላታለች፤ እናት ምስሉን በሁለት ጣቷ አሳድጋ ታነባለች። የት ነው የሚያድሩት? ከማን ጋር? መቼ ይመለሳሉ? ስንት ነው? ለማን ልደውል? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች እዚያው ምስል ላይ ካልተመለሱ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ልጅቷ ቤት ትቀራለች። ከዚህ በኋላ ስለ ፊደል፣ ስለ መጠን፣ ስለ ድምፅ የምንለውን ሁሉ ይህችን እናት እያሰባችሁ ስሙት።

ዲዛይን ከመክፈታችሁ በፊት ጽሑፉ በወረቀት ያልቅ። የሪትሪቱ ስም፣ ቀኑ ከነዕለቱ፣ የመነሻ ሰዓትና ቦታ፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ማደሪያው፣ የዕድሜ ክልሉ፣ ክፍያው ከነሚያካትተው፣ የምዝገባ መዝጊያ ቀን፣ የሁለት ሰዎች ስልክ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ እናቶች ስለ ሴት ልጆች ማደሪያ ከሴት ጋር መነጋገር ይቀላቸዋል። ወረቀቱን የወጣት ኅብረቱ መሪና ኃላፊ ሽማግሌው አንብበው ይፈርሙበት። ይህ ቢሮክራሲ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የሚዲያ ቡድንን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ስድስተኛ ጊዜ የተስተካከለ ፖስተር ነው፤ ምክንያቱም አምስቱ የቀድሞ ቅጂዎች ከሰው ስልክ አይጠፉም። የድሮውን ዋጋ ያየ ሰው የድሮውን ይዞ ይመጣል።

ቀን ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። «የፊታችን ዓርብ» አትበሉ። ምስሉ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ግሩፕ ውስጥ ይገባና የየትኛው ሳምንት ዓርብ እንደሆነ አይታወቅም። ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን፣ ዕለቱንም ጻፉ። ዕለትና ቀን ሁለቱም ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል፤ ካልገጠሙ አንድ ሰው ደውሎ ይነግራችኋል። ሰዓት ስትጽፉ «12 ሰዓት» ብቻ ማለት ጠዋትም ማታም ነው። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» በሉ። የስልካቸውን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነቡ ልጆች ስላሉ «ጠዋት» የምትለዋ ቃል ከቁጥሩ እኩል ጉልህ ትሁን። ውጭ አገር ላሉ ደጋፊዎች የፈረንጁን ቀን የምትጨምሩ ከሆነ ከካሌንደር ላይ አመሳክሩ፤ በጭንቅላት አትለውጡ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ 11 ብሎ የለመደ እጅ እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ያሳስታል። ቀጣዩ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን በ2019 ነው።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ሂሳቡ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ይሁን፤ ስሙም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። የፖስተር ቁጥር ለውጦ መልሶ ማሰራጨት ለአንድ አታላይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከፋዩ የሚያረጋግጥበት ብቸኛው ነገር ሲልክ ስልኩ ላይ የሚወጣው ስም ነው፤ ያ ስም ፖስተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ያቆማል።

አሁን ወደ ሸራው እንግባ። ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ዋናው ምስል 1080 በ1350 ፒክስል፣ ለስቶሪና ለቲክቶክ 1080 በ1920፣ ለአዳራሹ ፕሮጀክተር 1920 በ1080 ይሁን። በቁሙ የሚሠራው ላይ ከላይ 250፣ ከታች 400 ፒክስል ያህል ባዶ ተዉ፤ የመተግበሪያው ስም፣ የልብ ምልክቱና መግለጫው የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። ስልክ ቁጥሩን ከታች ጠርዝ ላይ ያስቀመጠ ሰው ቁጥሩን ራሱ ደብቆታል።

ስለ ፊደላችን ደግሞ በደንብ እንነጋገር። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በላቲን የሚሠራ ሰው ርእሱን በሙሉ በትላልቆቹ ጽፎ ከሌላው ይለየዋል፤ እኛ ያ መንገድ የለንም። ቀዳሚውን ከተከታዩ የሚለዩልን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ናቸው። ሦስት ደረጃ ይበቃል። በ1080 ስፋት ላይ ርእሱ ከ110 እስከ 140 ፒክስል፣ ቀንና ቦታው ከ55 እስከ 65፣ ዝርዝሩ ከ34 የማያንስ። ለምን 34? ያ 1080 ፒክስል ስልክ ላይ ሲደርስ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይጠባል፤ 34 ፒክስል ማለት እዚያ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «በ»ን ከ«ቡ» እና ከ«ቢ» የምትለየው ጎን ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ፊደሉ ከዚያ ካነሰ ጭረቷ ትጠፋለች፤ አንባቢው የሚያነበው በግምት ይሆናል። ስም ላይና የቦታ መጠሪያ ላይ ደግሞ ግምት አይሠራም።

ውፍረት ላይ የተለመደ ጥፋት አለ። ኒያላና አቢሲኒካ የሚባሉት የኮምፒውተር ፊደሎች አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ቦልድ የሚለውን ስትጫኑ ፕሮግራሙ ራሱ ዳርና ዳሩን ያደልበዋል፤ የ«ጭ»ና የ«ቋ» ክፍት ቦታዎች ይደፈናሉ። ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ደማቅ ርእስ ከፈለጋችሁ ደማቁ ለብቻው የተሠራለትን ፊደል ተጠቀሙ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ እጅግ ወፍራም ድረስ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ውፍረት አላቸው፤ ነፃም ናቸው። የመስመር ርቀቱን ወደ ፊደሉ መጠን 1.4 እጥፍ ከፍ አድርጉት። የእኛ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮች ሲጠጋጉ ገጹ ግንብ ይሆናል። መስመር ስትሰብሩ በትርጉም ስበሩ፤ «ከጠዋቱ 2» አንድ መስመር ላይ፣ «ሰዓት» ሌላ መስመር ላይ ወርዶ ሲታይ ያሳዝናል። አራት ነጥብ ሲያስፈልግ የላቲኑን ሁለት ነጥብ (:) ሁለቴ አትደርድሩ፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ «።» አለ።

የፊደል አጻጻፍም አንድ ይሁን። ባነሩ ላይ «ኅብረት»፣ ቲሸርቱ ላይ «ህብረት»፣ ቪዲዮው ላይ «ሕብረት» ከሆነ ሦስት ቡድን የሠራው ይመስላል። የቤተ ክርስቲያናችሁ ማኅተም ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ያንን ያዙ።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ቀድሞ በአገራችን የተስፋፉት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ፊደሎቹን በላቲን ቁልፎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዛሬም በድሮው ፊደል የተጻፈ ፋይል ያንን ፊደል በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። በተቃራኒውም፣ እናንተ በአዲሱ የጻፋችሁት እዚያ ፊደሉ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊታተም ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥራውን ስትጨርሱ አንድ ቅጂ ለወደፊት እንዲታረም አስቀምጡ፣ በሌላው ቅጂ ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ (ፕሮግራሞቹ «አውትላይን» ወይም «ከርቭ» ወደሚሉት) ለውጡና በፒዲኤፍ ላኩ። ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ፊደል አይጠይቅም። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። 1280 ፒክስል የሆነችን ምስል 3 ሜትር ባነር ላይ ስትዘረጉ እያንዳንዷ ፒክስል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች፤ የሰው ፊት የሞዛይክ ወለል ይመስላል።

3 ሜትር በ1 ሜትር ባነር በትክክለኛ መጠኑ ለአንድ ኢንች 100 ፒክስል ቢሠራ ወደ 11,800 በ3,940 ፒክስል ይመጣል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተራችሁን ብቻ ያደክማል። በእጅ ለሚያዝ በራሪ ወረቀት ግን 300 ይሁን፤ በየጎኑም 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ይኑረው፤ መቁረጫው ትንሽ ሲስት ነጭ መስመር እንዳይቀር። ባነር ላይ ጽሑፉን ከጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የገመዱ ቀለበትም እዚያ ይመታል። ቀለበቶቹ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ እንዲሆኑ ንገሯቸው። አራት ማዕዘን ላይ ብቻ የታሰረ ባነር ንፋስ ሲነሣ እንደ ሸራ ይነፋና ከማዕዘኑ ይቀደዳል። ከፍታውን በርቀት አስሉ፤ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ፊደል። መንገዱ ማዶ 12 ሜትር ላይ ሆኖ እንዲነበብ ቀኑ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ከዚራ ላይ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ሦስት ነገር ቢያነብ ነው፤ ስም፣ ቀን፣ ስልክ። አጥር ወጥቶ መንገድ ላይ የሚሰቀል ከሆነ የከተማውን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀለም ላይ የድሬን ፀሐይ አትርሱ። በቢሮ ፕሪንተር ታትሞ ውጭ የሚለጠፍ ወረቀት ላይ ቀድመው የሚለቁት ቀይና ቢጫው ናቸው፤ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀኑን በቀይ ከጻፋችሁ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ቀኑ ነው። ለሚለጠፍ ወረቀት ቀንና ስልክ በጥቁር ይሁን። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊና ሐምራዊ ደግሞ በህትመት ቀለም አይወጣም፤ ይደበዝዛል። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት የመዳፍ ያህል ናሙና አሳትማችሁ ወደ ደጅ ወጥታችሁ እዩት። ስክሪናችሁ ላይ ሳላችሁም ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ያኔ ጽሑፉ ከጀርባው ካልተለየ ቀለሙ ነው ያታለላችሁ።

የአዳራሹ ፕሮጀክተርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እዚህ ከተማ አዳራሽ መስኮቱ ለንፋስ ክፍት ነው፤ ብርሃን ይገባል። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን አያወጣም፤ ጥቁር የምትሉት ክፍል የግድግዳው ነጭ ነው። ስለዚህ በጥቁር ላይ የተጻፈ ስስ ነጭ ጽሑፍ በቀን ይዋጣል። ለእሑድ ጠዋት ማስታወቂያ ነጣ ያለ ጀርባ፣ ጥቁር ወፍራም ጽሑፍ።

ኪውአር ኮድ የምትጨምሩ ከሆነ መጠኑ የሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከ3 ሜትር የሚነበብ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በእጅ የሚያዝ ከ2 ሳንቲ ሜትር የማያንስ። ዙሪያውን ነጭ ቦታ ተዉለት፤ ሎጎ አታስጠጉበት። ከታተመ በኋላ በርካሽ ስልክ ሞክሩት። ስልክ ቁጥሩን ግን በእሱ አትተኩ፤ እናት ትደውላለች እንጂ ኮድ አታነብም።

ድሬ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያመልኩ ጉባኤዎችም ስላሉ ፖስተሩ በሁለት ቋንቋ ይወጣል። በአማርኛ አንድ ፊደል የያዘው ድምፅ በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይወስዳል፤ አማርኛው ሞልቶ የተሠራ ንድፍ ላይ ኦሮምኛው አይገባም። ንድፉን ከረዥሙ ጀምሩ። አናባቢ መቁጠርም ያስፈልጋል፤ በቁቤ አጭሩና ረጅሙ ድምፅ የሚለየው አናባቢው አንዴ ወይም ሁለቴ በመጻፉ ነው። «lafa» መሬት ነው፣ «laafaa» ለስላሳ ነው። የመጨረሻውን ቅጂ ቋንቋው አፉን የፈታበት ሰው ያንብበው፤ ቋንቋውን በጆሮ ብቻ የሚያውቅ አይበቃም።

ስለ አነጋገሩም አንድ ነገር። ድሬ ላይ አንቱታ ያራርቃል፤ «ይገኙ ዘንድ በአክብሮት እንጋብዛለን» የሠርግ ካርድ ነው። ለወጣቱ «ኑ» በሉት። ለወላጅ የሚላክ ለብቻ ገጽ ካዘጋጃችሁ ግን ቋንቋው ረጋ ይበል፤ እዚያ ላይ ኃላፊዎቹ፣ የወንዶችና የሴቶች ማደሪያ መለየቱ፣ የመመለሻው ሰዓት ይዘርዘር። ሌላ ለብቻው የሚሠራ ምስል «ምን ልያዝ?» የሚለው ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2,000። ከዚህ ሙቀት በቲሸርት የወጣ ልጅ የደንገጎን ዳገት ሲጨርስ ይበርደዋል፣ ሌሊትማ ይንቀጠቀጣል። ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ በጠመዝማዛው መንገድ ለሚያቅለሸልሸው ፌስታል፤ እነዚህ በምስሉ ላይ ይጻፉ። ከመነሻው አራት ቀን በፊት ይለቀቅ፤ ቀደም ካለ ይረሳል።

ወደ ቪዲዮው እንሂድ። ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይሁን። ለ40 ሰከንድ የሚነበብ ጽሑፍ ከ60 እስከ 70 ቃል ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢው ይሮጣል። ምስሉ እያንዳንዱ 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ቢቆይ ወደ 15 ቁራጭ ያስፈልጋችኋል፤ ስለዚህ ከ25 እስከ 30 ቅረጹ። ስትቀርጹ እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያዙ፤ እጃችሁ የሚረጋው ከሦስተኛው ሰከንድ በኋላ ነውና። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ላይ ሎጎ አታሽከርክሩ። ከደንገጎ መታጠፊያ ወደ ታች የሚታየው ሜዳ፣ ወይም ከጊታር ጋር እየዘመረ ያለ የልጆች ክብ፣ በላዩም ቀኑ። ሰው ጣቱን ወደ ላይ ከማንሸራተቱ በፊት «ይህ የእኛው ነው» እንዲል።

ብርሃን። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንታት እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌሎቹም ወራት ከአናት ብዙ አትርቅም። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ውጭ የተቀረጸ ሰው ዐይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ቅረጹ። እኩለ ቀን ላይ ግድ ከሆነባችሁ ሰውየውን የከዚራ ዛፍ ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገቡት፤ ቅጠል እየሾለከ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ የሚጥልበት ቦታ ግን አይሆንም። ጥቁር ፊትና ነጭ ሸሚዝ በአንድ ክፈፍ ሲሆኑ ስልኩ ነጩን አይቶ ሁሉን ያጨልማል። ፊቱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ሸሚዙ ዝርዝሩን እስኪያሳይ ድረስ ጥቂት ቀንሱ።

አዳራሽ ውስጥ በመብራት ስትቀርጹ ምስሉ የሚርገበገበው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። ስልኩ ከአምራቹ የመጣው በሰከንድ 30 ምስል ተደርጎ ነው፤ ሁለቱ አይገጥሙም። በሰከንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት፤ መርገብገቡ ይቆማል። የስልኩ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ይፈቅዳል።

ሙቀቱ ደግሞ ስልኩንም ያስቆመዋል። አይፎን በአምራቹ መመሪያ ከ35 ዲግሪ በላይ ባለ አካባቢ እንዲሠራ አልታሰበም፤ የእኛ ግንቦትና ሰኔ ያንን ያልፋል። ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ቀረጻው ይቋረጣል። መያዣውን አውልቁ፣ ቻርጅ ላይ ሳለ አትቅረጹ፣ ውጭ በ1080 ቅረጹ፤ ፎር ኬ ለጥላና ለቤት ውስጥ ይቆይ። የጋለውን ስልክ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ጥላ ውስጥ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ፎር ኬ ቢሆን ሌላም ጥቅም አለው፤ 3840 በ2160 በአግድም ከቀረጻችሁ ከመካከሉ 1215 በ2160 ቆርጣችሁ ለቁመቱ ቪዲዮ ታወጣላችሁ፣ ጥራቱም አይጎድልም። አንድ ቀረጻ ለአዳራሹም ለቲክቶክም ይሆናል።

ድምፅ ላይ ግን አንደራደርም። ደብዛዛ ምስል ሰው ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ያስዘጋል። የአዳራሹን ቬንቲሌተር አጥፉ፤ ጆሯችሁ ለምዶት አይሰማችሁም፣ ማይክራፎኑ ግን ይሰማዋል። ሰውየው ይላበው፣ ሦስት ደቂቃ ነው። ለተራኪ ድምፅ ስቱዲዮ ከሌላችሁ ማለዳ ላይ ሞተሩ የጠፋ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ዘግታችሁ ቅረጹ፤ መቀመጫው ድምፁን ይውጠዋል፣ ማስተጋባት አይኖርም። ማይክራፎኑ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጵ»ና «ፕ» ላይ ይፈነዳል። ስታቀናብሩ ንግግሩ ሲጮህ በመለኪያው ላይ ከ-6 ዴሲቤል በታች ይሁን፣ መዝሙሩ ከንግግሩ ከ18 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ዝቅ ያለ ቢመስላችሁም በስልክ ድምፅ ማጉያ አዳምጡት፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚያምር ሚዛን በስልክ ላይ ንግግሩን ይቀብረዋል።

መዝሙሩን ደግሞ ከዘማሪው ጠይቁ። «ለጌታ ሥራ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መዝሙርንም ይጠብቃል፤ ፌስቡክና ዩቲዩብም ድምፁን ሊያጠፉባችሁ ይችላሉ። ከሁሉ የሚሻለው የራሳችሁ ኳየር በጊታር ወይም በከበሮ ብቻ አንድ ደቂቃ የራሱን ዝማሬ ቢቀርጽላችሁ ነው።

ብዙ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያይ የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይውረድ። ሁለት መስመር፣ በመስመር ከ4 እስከ 5 ቃል፤ ጽሑፉ ድምፅ ሳታወጡ ረጋ ብላችሁ ሁለት ጊዜ እስክታነቡት ድረስ ይቆይ። የመጨረሻው ካርድ ሳይንቀሳቀስ 5 ሰከንድ ዝም ብሎ ይቁም። ሰው ስክሪንሾት የሚያነሣው እዚያ ነው። አምስቱ መልሶች በሙሉ በዚያ ካርድ ላይ ይኑሩ፤ ልጅቷ ለእናቷ የምታሳያት እሱን ነው።

ስታወጡት ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ 1080 በ1920፣ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት፤ 40 ሰከንዱ 50 ሜጋ ባይት ይሆናል። ሌላው 720 በ1280፣ በሰከንድ 2.5 ሜጋ ቢት፤ ያው 40 ሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ነው። በግሩፕ የሚላከው ሁለተኛው ነው። ትንሽ ጥቅል ገዝቶ የሚኖር ተማሪ 50 ሜጋውን አይከፍተውም።

ሐረር የምትቀርጹ ካላችሁ አንድ አደራ። ጁገል ከ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ቀለም የተቀቡት ጠባብ መንገዶች ካሜራ ይስባሉ፣ ግን የሰው ደጅ ናቸው። ሴቶችን ሳትጠይቁ አትቅረጹ፤ መስጊድንና የአባቶችን መቃብር ለሪትሪታችሁ ማስዋቢያ አታድርጉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ስንሄድም ስንመለስም ሰላምታ የምንሰጣጣቸው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እንመልስና እንጨርስ። አንዱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ለጀርባ ቅርጽና ለቀለም ይቻላል። ፊደል ግን አታስጽፉት፤ ብዙ ጊዜ ግዕዝ የሚመስል ግን ያልሆነ ቅርጽ ነው የሚያወጣው፤ ጽሑፉን ከላይ ራሳችሁ ጻፉ። ማደሪያውንም አታስመስሉት። ሐይቅ ዳር የተተከለ ነጭ ድንኳን አይታ የላከች እናት፣ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ መተኛቷን ስትሰማ የሚቀጥለውን ዓመት ፖስተር አታምንም። ክፍሉን ጠርጋችሁ፣ ፍራሹን ደርድራችሁ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ እሱኑ ፎቶ አንሡ። ንጹሕ ክፍል ከሐሳብ ሐይቅ ይበልጥ ያሳምናታል።

ሌላው ጥያቄ ካለፈው ዓመት ምንም ቀረጻ የለንም፣ ምን እናሳይ የሚል ነበር። ዘንድሮ ያላችሁን አሳዩ፤ ዝግጅቱን፣ የጸሎት ቡድኑን፣ ምዝገባውን። የከርሞው ቪዲዮ ግን የሚሠራው በዘንድሮው ሪትሪት ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከሌላ አገልግሎት ነፃ ሆኖ ይህን ብቻ ይያዝ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ የማለዳ ጸሎት፣ ሳሕን ይዘው ሲሰለፉ፣ ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ የማታው እሳት፣ ሲመለሱ ወላጅ ሲቀበላቸው። የመጨረሻዋን አታስመልጡ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ በምዝገባ ቅጹ ላይ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ያልፈቀደ ወላጅ ልጅ ስሟ በዝርዝር ተይዞ ቀራጩ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሲያለቅሱ፣ ሲናዘዙ፣ እጅ ሲጫንባቸው በቅርብ አትቅረጹ፤ ከኋላ፣ ከሩቅ ይበቃል። ማታ ማታ ቀረጻውን ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ላፕቶፕ፣ አንዱ ፍላሽ፣ ሁለቱም በአንድ ቦርሳ አይሁኑ። ፎልደሩን በዓመቱና በዕለቱ ሰይሙት፤ ከርሞ ከእናንተ ሌላ ሰው ነው የሚፈልገው።